ኢሞጂ አንቱታ የለውም

የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መርዶ ሲለጠፍ ከሥሩ የሚደረደሩትን ምልክቶች ያየ ሰው ስለ ኢሞጂ ብዙ ይማራል። ወላጆች ደብረ ማርቆስና ቢቸና፣ ልጆች አዲስ አበባና ባሕር ዳር፣ አንዷ ደግሞ ዱባይ ያለችበት የተለመደ ግሩፕ እንውሰድ። «የእትዬ እገሊት ባለቤት ዛሬ ሌሊት አርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው» የሚል መልእክት ይገባል። ወጣቶቹ የተሰበረ ልብና የሚያለቅስ ፊት ያስቀምጣሉ። አጎት አውራ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረውን እጅ ይጫናሉ። አንዲት አክስት ደግሞ እንባ ያለበት ፊት ይመርጣሉ፤ ጉዱ ያ ፊት የሚያነባው በሳቅ ብዛት መሆኑ ላይ ነው። ወዲያው ልጆቹ በውስጥ መስመር ይጯጯሃሉ፤ «ኧረ አንዳችሁ ደውሉላቸውና ያጥፉት!»

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ማብራሪያ አንድ ነው፤ ትልልቆቹ ስልክ አያውቁበትም። ማብራሪያው ምቹ ነው፤ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያስረዳው። የአክስትየው ስሕተት የዓይን ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ሁለቱም ፊቶች ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ሁለቱም እንባ አለባቸው። የአጎት አውራ ጣት ግን ስሕተት የለበትም። ሊሉ የፈለጉትን ብለዋል፤ ሰምቻለሁ፣ ደርሶኛል፣ ቀብር እገኛለሁ። ሐዘናቸውን ግሩፕ ላይ ማኖር ከነጭራሹ አላሰቡም፤ እሱን ነገ በእግራቸው ሄደው፣ ድንኳን ገብተው፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብለው ይወጡታል። ዱባይ ያለችው ልጅ ግን ድንኳኑ የላትም። ለእሷ ልቅሶው እዚያው ስልኳ ላይ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፤ የተሰበረው ልብ ምልክት ብቻ መስሎ የሚታየው ቀብር መድረስ ለሚችል ሰው ነው። አጎትና የእህት ልጅ የተለያዩት ሥዕሉን በማወቅና ባለማወቅ አይደለም። የተለያዩት ሥዕሉ እንዲሠራላቸው በሚጠብቁት ሥራ ነው።

ይህን ልዩነት ለመረዳት ከስልኩ በፊት አማርኛውን ማየት ይጠቅማል። አማርኛ አክብሮትን ለተናጋሪው በጎ ፈቃድ አይተውም። «ደረስህ» ወይም «ደረሱ» ይባላል፤ በመካከል ለማንም የማያዳላ ግስ ፈልጎ ማምለጥ አይቻልም። ገና አፍ የሚፈታ ልጅ ለአያቱ «ነይ» ሲል የሚታረመው ለዚህ ነው። በደጋው ጎጃም ደግሞ ነገሩ ከአንደበት አልፎ በአካል ይታያል። ታናሽ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል፤ ትልቅ ሰው ሲጨብጥ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደገፍ ያደርጋል፤ ጉልበት የሚሳምበት ጊዜም አለ። ኢሞጂ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ይዞ አልመጣም። ፈገግ ያለው ፊት ለባልንጀራም ለአማትም ያው ፊት ነው። እጅ ለእጅ የተጨባበጠው ምልክትም ግራው ክንዱን ይደግፍ አይደግፍ አያሳይም። ዕድሜ ልኩን በእያንዳንዱ ግስ ማዕረግ ሲሰጥና ሲቀበል የኖረ ሰው ፊት ማዕረግ የሌለው ቋንቋ ሲቀርብለት አንድ ነገር ማድረጉ አይቀርም፤ የጎደለውን ካለው ነገር ፈልጎ ይሞላዋል።

ብዙ ጊዜ የሚሞላው በሁለቱ በተጋጠሙት መዳፎች ነው። ምልክቱ ከጃፓን የመጣ ነው፤ እዚያ ልመናን፣ ምስጋናን፣ ምግብ ሲቀርብ የሚደረግን ሥርዓት ይወክላል። እኛ ዘንድ ትልልቅ ሰዎች ለሁሉም አደረጉት፤ እጅ ነሥቻለሁ፣ ተመረቅ፣ አሜን፣ ነፍስ ይማር፣ እባክህ፣ ስለ ደወልህልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ቀይ ጽጌረዳ ይከተላል፤ አንድ አይደለም፣ አምስት ስድስት በረድፍ። ወጣቶች በዚህ ረድፍ ይስቃሉ፣ ሲቀልዱበትም ይሰማል። ረድፉን ግን ከሰላምታችን ጎን ላስቀመጠው እንግዳ አይሆንም። እንደምን አደሩ፣ ደኅና ነዎት ወይ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ደኅና ነዎት እያለ ዞሮ ዞሮ የሚመለስ ሰላምታ ውስጥ አንድ «ሃይ» ምን ያህል ቀላል እንደሚሆን መገመት ነው። ድግግሞሹ ክብደት ነው። ስድስቱ ጽጌረዳዎች ስድስት ጊዜ የተጠየቀ ደኅንነት ናቸው፤ አንድ ጽጌረዳ ብቻ የላከ ሰው ቸኩሏል ማለት ነው።

ወጣቶቹ ዘንድ ግን ኢሞጂ ሌላ ሥራ ላይ ተሰማርቷል። እነሱ ለሰላምታ ወይም ለምርቃት አይፈልጉትም፤ የተጻፈው ቃል በምን ድምፅ መነበብ እንዳለበት የሚነግር ቃና ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ፈገግ ያለው ቢጫ ፊት ለእናት ደግነት፣ ለልጅ ግን ምፀት የሚሆነው። «እሺ» ተብሎ ያ ፊት ከተከተለው ወጣቱ «ተቀይመውኛል» ብሎ ያነባል። የራስ ቅሉም እንዲሁ ነው። ወጣቶች በጣም ሲስቁ የራስ ቅል ይልካሉ፤ ሞቻለሁ ማለታቸው ነው። የሚገርመው እናታቸውም «በሳቅ ገደልከኝ» ማለታቸው ነው፤ ሐሳቡ አንድ ነው። በአፍ ሲሆን ግን ቃሉ ብን ብሎ ይጠፋል፤ የሞተ ሰው አጥንት ተሥሎ በልጅ ስም ሥር ሲቀመጥ ሟርት ነው። እንዲያውም የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ከማንኛውም ስድብ በላይ የራስ ቅሉ የሚያስቆጣው ለዚህ ይመስለኛል፤ ትልልቆቹ ምልክትን ድርጊት አድርገው ስለሚያዩ ሞትን መላክ ሞትን መጥራት ይሆንባቸዋል።

ከሁለቱ አጠቃቀሞች አንዱ ከመነሻው የራቀ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ለሁለቱም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ስኮት ፋልማን ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ ደርድሮ ጎን ለጎን የተኛ ፈገግታ ያቀረበው ባልደረቦቹ ቀልዱን ከቁም ነገሩ እንዲለዩ ነበር፤ ያ የወጣቶቹ ቃና ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ጃፓናዊው ሺጌታካ ኩሪታ ለዶኮሞ ኩባንያ 176 ትንንሽ ሥዕሎች ሠራ። እነዚህ የአየር ሁኔታን፣ መጓጓዣን፣ ልብንና ስሜትን በትንሽ ቦታ ለመናገር የታሰቡ ነበሩ። በኋላ ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2010 ኢሞጂን ሲቀበል ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ ሰውና የተጋጠሙ መዳፎች አብረው ገቡ። ጎንበስ ያለው ሰውዬ ቃና ሊባል አይችልም፤ ድርጊት ነው። የደብረ ማርቆሱ አጎትና የቶኪዮ ሽማግሌ በዚህ ነገር ብዙ ሳይቸገሩ ይግባባሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያው እ.ኤ.አ. 1999 ለእኛም ልዩ ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሞባይል ሥራ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው፤ የግዕዝ ፊደልም ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ተዘግቶ እስከ ኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቷል። ከተከፈተም በኋላ ፊደላችን ውድ ነበር፤ በላቲን የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ የተጻፈው 70 ብቻ ይይዛል። አንድ ኢሞጂ ከገባ በላቲን የተጻፈውም ወደ 70 ይወርዳል፤ ምልክቱ ራሱ ደግሞ ባብዛኛው የሁለት ሆሄ ቦታ ይበላል። የዚያን ዘመን ወጣት አማርኛውን በላቲን እየጻፈ፣ ቃሉን እየቆረጠ አደገ። ሲቆረጥ አብሮ የሚቆረጠው ወዝ ነው፤ ፊቶቹ የገቡት እሱን ሊተኩ ነው። አባቱ ግን በዚህ በር አላለፉም። ፊደል የቆጠሩት ምናልባት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጽሑፍ ለእሳቸው ማመልከቻ ነው፣ የዕድር መዝገብ ነው፣ «ለክቡር ወንድሜ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ነው። ከደብዳቤው በቀጥታ ቴሌግራም ላይ ገቡ። ደብዳቤ ላይ ቃና የሚባል ነገር ብዙም አይጨነቁበትም፤ ወጉ ከተሟላ ደብዳቤው ደኅና ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ሁሉ ፍልስፍና ለምን? ልጆቹ ወላጆቻቸውን ግማሽ ሰዓት ቁጭ አድርገው ቢያስተምሩ ያልቃል» ሊል ይችላል። የሳቁን እንባ ከለቅሶው እንባ መለየት በእርግጥ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የቀረው አያልቅም፤ ምክንያቱም የሚማሩት ነገር ራሱ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2015 የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በሳቅ የሚያነባውን ፊት የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦት ነበር። ስድስት ዓመት ሳይሞላ የውጭ አገር ወጣቶች ያ ፊት የሽማግሌ ነው ብለው ጣሉት፤ ለሳቅ የሚያለቅሰውን ፊትና የራስ ቅሉን ያዙ። ስለዚህ ያቺ አክስት ዛሬ ተምረው «የሚያለቅሰው ለሐዘን፣ ያኛው ለሳቅ» ብለው ቢይዙ ከልጅ ልጃቸው ጋር እንደገና ይተላለፋሉ። እኩዮችም ቢሆኑ አይስማሙም። የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ሰዎች አንድ ዓይነት ሥዕል ተመልክተው ስሜቱ በጎ ነው፣ ክፉ ነው ወይስ ገለልተኛ በሚለው ላይ ከአራት ጊዜ አንዱን ተለያይተዋል። ዕድሜ ይህን ክፍተት ያሰፋዋል እንጂ አልፈጠረውም።

ሌላው መቃወሚያ ከጎጃም ኩራት የሚነሣ ነው። የዲማ፣ የጎንጅና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች አገር ተወልዶ ሰምና ወርቅ ለሚለይ ሰው የአንድ ቢጫ ፊት ሁለት ትርጉም ምን ያቅተዋል ይባላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ አልቀበለውም። ቅኔ ላይ ዘራፊውም ሰሚውም ወርቅ መኖሩን አስቀድመው ያውቃሉ፤ ሰሚው ፍለጋ የሚወጣው የተደበቀ ነገር እንዳለ ስለተማመነ ነው፤ ካልገባውም የሚፈታለት መምህር አለ። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ግን አባት ሰሙን ልከው ጨርሰዋል። ወርቅ እንደተፈለገበት እንኳ አያውቁም። ልጅ ደግሞ በሌለ ጓዳ ውስጥ ወርቅ ሲቆፍር ቅያሜ ያገኛል፤ የሚፈታላቸው መምህርም የለም። የቅኔ ልምድ እንዲያውም ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ለነገር ውስጠ ወይራ የሰለጠነ ሰው ምንም ያልተባለበት ቦታ ላይ ነገር ይሰማል።

ሦስተኛው ከበድ ያለ ነው፤ በዚህ ክልል፣ በዚህ ጊዜ፣ ስለ ኢሞጂ መጻፍ ቅንጦት አይደለም ወይ? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በዚያ ጊዜ የሰው ጭንቀት ልጄ ደኅና ነው ወይ የሚል ነበር እንጂ የትኛው ፊት የሚል አልነበረም። እውነት ነው። ግን መስመር ቀጭን በሆነ ቁጥር በእሱ ላይ የምታልፈው ትንሽ ነገር ትከብዳለች። ረጅም ንግግር በሚቻልበት ጊዜ አንድ የተሳሳተ ምልክት በሌላ ቃል ይካካሳል፤ በሳምንት አንዴ ብልጭ የሚል ኔትወርክ ላይ ግን ያቺ አንዷ ምልክት የሳምንቱ ወሬ ናት። ማንበብ የማይችሉ እናቶችንም እናስብ። ዐረብ አገር ላለች ልጃቸው ኢሞ በሚባለው መተግበሪያ ድምፃቸውን ይሰዳሉ፤ መጻፍ አይችሉም፤ አበባና መዳፍ መጫን ግን ይችላሉ። ለእነሱ ኢሞጂ በገዛ እጃቸው የሚልኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። እሱን ቅንጦት ማለት ይከብደኛል።

ደግሞም ሕዝቡ ከባዶ ሥዕል የራሱን ነገር መሥራት ያውቅበታል። መስከረም ሲጠባ ቢጫዋ አበባ አደይ ትሆናለች፤ ማንም አላስተማረም፣ ማንም አልተከራከረም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ልብ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሰንደቅ ዓላማ ናቸው፤ ስልኩ ላይ ያለው ባለ ኮከቡ ባንዲራ ላልተስማማው ሰው መውጫ ሆነውታል። ጀበና የለም፣ እንጀራ የለም፤ በእንፋሎታሙ ስኒ ቡና ይጠራል። እነዚህን አባትም ልጅም አንድ አድርገው ያነቧቸዋል። የሚግባቡባቸው የሁለቱም የሆነ ነገር፣ በዓል ወይም አገር ወይም ቡና፣ ከበስተጀርባ ስላለ ነው። የሚለያዩት ፊቶቹ ላይ ነው። የሚለያዩት ሰው ለሰው የሚሰጠውን ክብር ፊት መሸከም ሲጀምር ነው።

ታዲያ ማን ይስተካከል? አንዳንድ ወጣት «ዘመኑ የእኛ ነው፣ እነሱ ይልመዱ» ይላል። እኔ ሸክሙን በወጣቱ ላይ አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱ ታናሽነቱ አይደለም። ወጣቱ ሁለቱንም ያውቃል። በአያቱ ፊት ጎንበስ ማለትን ከቤት፣ የራስ ቅሉን ከእኩያ ተምሯል፤ አባት የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ለሚችለው ማስተርጎሙ የትም ያለ ነው። በተግባር ሲታይ ከባድም አይደለም፤ ከአባት የመጣ ፈገግታን እንደ ምርቃት ማንበብ፣ ለእሳቸው ሲመልሱ ደግሞ ምልክቱን ብቻውን አለመላክ። «እሺ አባዬ፣ እንደርሳለን» ካሉ በኋላ የፈለጉትን ፊት ቢያስከትሉ አንቱታውን ቃሉ ተሸክሞታል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ያመጣው በመልእክት ሥር ምልክት የመጫን ዘዴ እዚህ ላይ ጎድቶናል ባይ ነኝ፤ ቃሉን ጨርሶ ትቶ ጣት ብቻ ማስቀመጥን ቀላል አደረገው። ሰላምታ ላቀረቡ አባት አንዲት ጣት መመለስ እጅ ሳይነሡ አልፎ እንደመሄድ ነው፤ ለዚህ ማንም መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ነገሩ ከቅያሜ አልፎ ብር የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። ካናዳ፣ ሳስካቸዋን በምትባለው ክፍለ ሀገር አንድ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ2021 ከእህል ገዥ ኩባንያ 87 ቶን ያህል ተልባ የሚሸጥበት ውል ፎቶ በስልኩ ደረሰው፤ «እባክህ ውሉን አረጋግጥ» ይላል። አውራ ጣት መለሰ። ተልባው በቀኑ አልቀረበም፤ በመካከሉ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። ኩባንያው ከሰሰ፤ ገበሬው «ጣቷ ውሉ ደርሶኛል ነው የምትለው፣ ተስማምቻለሁ አላልኩም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የፈረዱት ለኩባንያው ነው፤ ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል አዘዙ፣ በቀጣዩ ዓመትም ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን አጸና። ዳኛው ስለ ጣቷ መዝገበ ቃላት ቢያገላብጡም ያመዘነው ሌላ ነበር፤ ሰውዬው ከዚያ በፊት በነበሩት ውሎች ላይ «እሺ»፣ «ጥሩ ነው» የሚሉ አጫጭር መልሶች እየላከ ስንዴውን ያስረክብ ነበር።

ተልባና ጤፍ በስልክ የሚዋዋል ጎጃሜ ነጋዴ ይህን ፍርድ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያልፈው አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1681 ውል በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመዱ ምልክቶች ወይም ስምምነቱን በማያጠራጥር አድራጎት ሊቀርብና ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል ይላል። የእህል ሽያጭ የግድ በወረቀት እንዲሆን የሚያዝ ድንጋጌ የለም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሕጉ ሲረቀቅ «የተለመደ» ሲባል የታሰበው ገበያ ላይ ራስ መነቅነቅ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ግን ጥያቄው «በማን ዘንድ የተለመደ?» የሚል ይሆናል። የስድሳ ዓመት ነጋዴ ደብረ ማርቆስ ሆነው «ደርሶኛል» ለማለት የላኩትን ጣት አዲስ አበባ ያለው የሃያ አምስት ዓመት ወፍጮ ባለቤት «ጫን» ብሎ ካነበበው ዳኛው ምን ይዘው ይፈርዳሉ? የካናዳው መንገድ የሁለቱን የቀድሞ መልእክቶች ወደ ኋላ ማንበብ ነው፤ መንገዱም ብልህ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን አንዱ ወገን ብቻውን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ኩንታሉ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ነጋዴው ደውለው «በዚህ ዋጋ ተስማምተናል?» ብለው በአፋቸው መጠየቃቸው፣ ከተቻለም አንድ መስመር በፊደል ማጻፋቸው አይቀርላቸውም።